ሐረጎን የወጣው ሚኒባስ

ኢንስፔክተር ጣይባ የመምህር አግማስን ሞት የሰማችው ከአቤ አፍ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ቆርቆሮ ሁሉ ሸፍኖታል። ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ጣይባ፣ መምህራችን ሞቱ» አለ አቤ በመጨረሻ። «ኮምቦልቻ፣ ከመኪናው ሥር። ጋዝ አፍኗቸው ነው። እባክሽ ሌላ ሰው እንዳይልኩ፣ አንቺ ራስሽ ነይ። ቢያንስ የሚያውቃቸው ሰው ይያቸው።»

አለቃዋን አስፈቀደችና ኮንስታብል ዳምጤን አስከትላ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ተያያዘችው።

ጣይባና አቤ ደሴ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። ፊዚክስ ያስተማሯቸው መምህር አግማስ ነበሩ። እሷ ፖሊስ ሆነች፤ አቤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ተመለሰና ከመምህሩ ጎን ሳይለይ ቀረ። መምህሩ ልጅ አልነበራቸውም። አብረዋቸው የሚሠሩትን ወጣቶች ሁሉ «ልጄ» ይሉ ነበር፤ አቤን ሲጠሩት ግን ድምፃቸው ይለይ እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስለ ሚኒባሱም በሁለቱ ከተሞች ያልሰማ አልነበረም። መምህሩ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ ሞተሩን አውጥተው በምትኩ ፊውል ሴል የሚባለውን ሣጥን ገጥመውበታል። ሣጥኑ ሃይድሮጂንን ከአየር ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ ከጭስ ማውጫው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። ሃይድሮጂኑን የሚያገኙት ደግሞ ከተራ ውሃ ነው፤ ጣሪያው ላይ በዘረጓቸው የፀሐይ ሰሌዳዎች ኃይል ውሃውን ይከፍሉታል። ዘመኑ «አረንጓዴ ኢኮኖሚ» በየስብሰባው የሚነሳበት፣ በየአደባባዩ ባነሩ የሚሰቀልበት ነበርና ነገሩ ከላይ ያሉ ሰዎች ጆሮ ደረሰ። ባለፈው ወር አቤ መሪውን ጨብጦ፣ መምህሩ ከጎኑ ተቀምጠው፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት አንድ ጠብታ ናፍጣ ሳይቀምስ ወጥቶ ደሴ ገባ። ፒያሳ ላይ ሰው ከቦ ሲያጨበጭብ መምህሩ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ታይተዋል። ቅዳሜ ደግሞ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ሊያዩት ነበር። ሥራውን ከወደዱት ኮምቦልቻ ላይ የምርምር ማዕከል ሊከፈት፣ ኃላፊውም አቤ ሊሆን ታስቧል። እሱን ያጩት መምህሩ ራሳቸው ነበሩ።

ሚኒባሱ የሚቆመው ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በሐጂ በሺር ጋራዥ ግቢ ባለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣይባ ስትገባ መኪናው ከሥር መጠገኛው ጉድጓድ በላይ ቆሟል፤ መምህሩ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ በሸራ ላይ ተጋድመዋል። ቁስል የለም፣ ደም የለም። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ነው። መነጽራቸው ከአንድ ጆሯቸው ወልቆ ጉንጫቸው ላይ ወድቋል። ልታስተካክልላቸው እጇን ዘረጋችና ሥራዋ ትዝ ሲላት ሰበሰበችው።

አቤ ከግድግዳው ሥር ተኮራምቶ ነበር። ሲያያት ተነሣና የሆነውን አስረዳት።

«ሃይድሮጂኑ ከመኪናው ሥር ካለው የቱቦ መገጣጠሚያ አፈትልኮ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ወርደው ጎንበስ ሲሉ የሚተነፍሱት አየር አልነበረም። ይኸው፣ ታንኩ ባዶ ነው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ጠዋት ወጥቼ ደሴ ነበርኩ፤ ለእንግዶቹ ማረፊያ ሳመቻች። ሚስባህ ደውሎ ነው የነገረኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መገጣጠሚያውን የበየደው ሚስባህ ነው። ሆን ብሎ አይደለም፣ ጣይባ። ልጁ ላይ አትጨክኑበት።»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፤ አለቀሰ። እሷም እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ «አብሽር» አለችው።

ከዚያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመረች። መጀመሪያ የቀረበው የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሞላ ነበር። እሱ እንደተረከላት፣ እኩለ ቀን ላይ ሐጂ በሺርና ሚስባህ ለጁምዓ ሶላት ወጡ። መምህሩ ትንሽ ቆይተው ብቻቸውን መጡ፤ ደስ ብሏቸው፣ የሱን የወገብ ሕመም ጠይቀው ገቡ። ሚስባህ ከመስጊድ ተመልሶ ሲጮህ ሞላ ሮጠ፤ ሊያነሳቸውም ቀድሞ ወረደ።

«ቆሜ ሳለሁ ምንም አልሆንኩም» አለ። «እግራቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል ግን ዓይኔ ጨለመ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ሚስባህ በኮሌታዬ ጎትቶ ባያወጣኝ እኔም እዚያው ቀርቼ ነበር።»

«ጉድጓዱ ክፍት ነበር?»

«ሸራ ተጎትቶበት ነበር። መምህር ናቸው ገለጥ አድርገው የወረዱት።»

ሸራውን ማን እንዳለበሰው ሞላ አላየም። ጠዋት ማን ማን እንደገባ ስትጠይቀው ደግሞ፣ አቤ በማለዳ መጥቶ የእንግዶች ዕቃ ናቸው ያላቸውን ሣጥኖች በአይሱዙ አስጭኖ ወደ ደሴ መውጣቱን ነገራት። ሞላን ወገቡን ያመመውም የአንዱን ሣጥን ጫፍ ይዞ ስላገዘው ነው። ሚስባህና ሐጂ ያን ጠዋት አንድ የተበላሸ ከባድ መኪና ሲጠግኑ እንዳረፈዱ፣ መጋዘኑንም እንዳልረገጡ ጨመረላት።

ሚስባህ የብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ወጣት። ስትጠይቀው የሚመልሰው በቁንጽል ነበር። ዓይኑ በየመሃሉ የብየዳ ሲሊንደሮቹ ወደተደረደሩበት ጥግ እየሄደ ይመለሳል። ጣይባ ይህን አየች፤ ለጊዜው ግን አለፈችው።

ሐጂ በሺር ከመምህሩ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ወዳጅ ናቸው። መጋዘኑን ያለ ኪራይ የሰጧቸውም እሳቸው ነበሩ። ይሁንና ረቡዕ ዕለት ሁለቱ ተጣልተው ድምፃቸው ከአጥር ውጭ ተሰምቷል።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽሽም ልጄ» አሉ ሐጂ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ። «ከፀሐይ በቀር ምንም አልነካም ብሎ ምሎልኝ ነበር። ቆጣሪዬ ግን፣ መጋዘኑ ተዘግቶ ሰው በሌለበት፣ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል። አርባ ዓመት የማውቀው ሰው መብራቴን ሰረቀኝ ብዬ ተናገርኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ፊቱ አመድ መሰለ። ከመኪናው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣም ሳያናግረኝ ሄደ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አፉ ሳንባባል ሞተ።»

ጣይባ የመጋዘኑን በሮች ሁሉ አስከፍታ፣ ነፋሱ ሲነፍስበት ከቆየ በኋላ፣ ወገቧን በገመድ ታስራ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ገመዱን ዳምጤ ይዞላታል። የሚኒባሱ ሆድ በአቧራና በጭቃ ተለስኗል፤ ከመሃሉ ግን እንደ ጠረጴዛ የሰፋ አራት ማዕዘን ቦታ ንጹሕ ነው። ዙሪያውን ቡሎን የወጣባቸው ቀዳዳዎች ገና ያብረቀርቃሉ። ከዚያ አጠገብ ተቆርጦ የቀረ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሏል። እዚያ የነበረው ነገር ምን እንደሆነና ለምን እንደተነሣ አላወቀችም። የሚያውቅ ሰው አቤ ነበር፤ እሱን ለመጠየቅ አስባ ጨልሟል ብላ ተወችው። መጋዘኑን አሽጋ ሄደች።

ቅዳሜ ቀብር ሆነ። አቤ ከአስከሬኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያለቀሰም እሱ ነው። ሕዝቡ ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ሲቀመጥ፣ እንደ ወጉ ስለ ሟቹ ይነሣ ጀመር። አንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ ፋርማሲ ያላት ሴት፣ አንድ የክፍል ትዝታ አነሣች። መምህሩ አንድ ቀን የሳሙና አረፋ በሃይድሮጂን ሞልተው ለቀቁት። አረፋው ሁሉ ጣሪያ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ከዚያ በረጅም እንጨት ጫፍ ክብሪት አስረው ሲነኩት ጧ ጧ አለ፤ ልጆቹ ከዴስክ ሥር ተደበቁ።

«ከዚህ ጋዝ የሚቀል ነገር ዓለም ላይ የለም፣ ብትለቁት ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አያውቅም አሉን» አለች ሴትዮዋ። «ፊዚክስን የረሳሁ ሰው ይችን አልረሳሁም።»

ለቀስተኛው በእንባው መሃል ፈገግ አለ። ጣይባም ትዝ አላት፤ ዴስኩ ሥር ከጎኗ ተደብቆ የነበረው አቤ ነው። ቀና ስትል አቤ ከድንኳኑ ማዶ ሆኖ ያያታል። እንደ ሌላው ሰው ፈገግ አላለም። ዓይኑን ሰበር አድርጎ ውሃ ለማዞር ተነሣ።

ሃይድሮጂን ጉድጓድ ውስጥ ተኛ ያላት ይህ ሰው ነው። ሌላው ቢሳሳት፣ አቤ አይሳሳትም። ወዲያው ራሷን ገሠጸች፤ ሐዘን ያደነዘዘው ሰው የሚናገረውን አያውቅም ብላ። የመምህሩን ሚስት ወይዘሮ እስከዳርን ለማነጋገር ወደ ጓዳ ስትገባ የምትፈልገው አቤን ነፃ የሚያወጣ ቃል ነበር።

«እትዬ እስከዳር፣ በዚህ ሰዓት ስለማስቸግርዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተውባቸዋል?»

እስከዳር ጥቁሩን ነጠላ አገጯ ላይ ጠቀለለች።

«ረቡዕ ማታ እህል አልቀመሰም። ምን ሆንክ ብለው፣ ልጄ አታለለኝ አለ። ማንኛው ብዬ ብጠይቀው ስሙን አልነግርሽም፣ ራሱ ይናገር ዘንድ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። ዓርብ ጠዋት ግን ስልክ ተደወለለት። ሲያወራ ቆይቶ ፊቱ በራ። ልጄ ጥፋቱን ሊያርም ነው፣ አንድ ነገር እይልኝ ብሎኛል አለ። እኩለ ቀን ሲሆን እየቸኮለ ወጣ።»

«የደወለውን አልነገሩዎትም?»

«አልነገረኝም። ሚስባህ መሰለኝ። እሱንም ልጄ ነው የሚለው።»

ጣይባ ከጓዳው ወጥታ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች፤ ሚስባህንም አስጠራችው። ይህን ጊዜ ከጉድጓዱ ሳይሆን ከጣሪያው ጀመረች። ከላይ፣ ከጣሪያው እርከን ላይ፣ መተንፈሻ መስኮቶች በሰልፍ ተከፍተዋል፤ ከነሱ ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ ዕቃ ከብረቱ ጋር ታስራለች። ምንድን ናት ብላ ሚስባህን ጠየቀችው።

«የጋዝ ማስጠንቀቂያ ናት። ሃይድሮጂን ካፈሰሰ ትጮኻለች። መምህሩ ጋዙ ላይ ነው የሚሄደው ብለው እዚያ አሰቀሉኝ።»

«ዓርብ ጮኸች?»

«ማንም አልሰማትም።»

መሰላል አስመጥታ ወጣች። የማስጠንቀቂያዋ ሽቦ ከመግቢያው ተነቅሏል። አልተበጠሰም፣ አይጥም አልበላውም፤ ቪዳው ተፈትቶ በሥርዓት ነው የተነቀለው። በዕቃዋ ላይ በተኛው አቧራ መሃል የጣት አሻራ አዲስ ሆኖ ይታያል። ጣይባ መሰላሉ ላይ እንደቆመች ለረጅም ጊዜ አልወረደችም። ስትወርድ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ሚስባህን ወደ ሲሊንደሮቹ ጥግ ወሰደችው።

«ከትናንት ጀምሮ ከዚህ ጥግ ዓይንህን አልነቀልክም። አሁን ንገረኝ።»

ልጁ ተቀመጠ፤ ላብ በላብ ሆነ።

«አርጎኔ አልቋል» አለ። «ለብየዳ የምንጠቀምበት ጋዝ ነው። ሐሙስ ነው ሙሉው ሲሊንደር የመጣልኝ፤ አልነካሁትም። ዓርብ መምህሩን ካወጣን በኋላ ዞር ስል ባዶ ነው። ቱቦውም ተገልብጦ ተጠቅልሏል፤ እኔ ግራኝ ነኝ፣ እንደዚያ አልጠቀልልም። ወላሂ እኔ አይደለሁም። ግን አርጎኑ የኔ ነው፣ ማን ያምነኛል?»

«አርጎን ሲፈስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች። ከአየር ይከብዳል። ጉድጓድ አጠገብ እንዳልበይድ የከለከሉኝ መምህሩ ናቸው፤ እንደ ውሃ ይሞላና ሰው ያፍናል ብለውኝ።»

እሑድ ጠዋት ከቀብሩ በፊት አስከሬኑን የመረመረው የደሴ ሆስፒታል ሐኪም መርዝም፣ የቃጠሎ ጭስም፣ ምትም እንዳላገኘ፣ ሰውየው አየር አጥተው መሞታቸውን ብቻ ማረጋገጥ እንደሚችል ነገራት። ከሰዓት በኋላ ዳምጤ እንግዶቹ ሊያርፉበት ወደነበረው ሆቴል ሄዶ በዕቃ ክፍሉ አቤ ያስቀመጣቸውን ሣጥኖች አስከፈተ። ዳምጤ ደውሎ ሣጥኖቹ የያዙትን ሲነግራት ጣይባ አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ አቤን ነፃ ለማውጣት መፈለጓን ተወች።

ሰኞ ማለዳ፣ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ እስከዳር ወንበር ቀረበላት። ሐጂ በሺር ከጎኗ ቆሙ፤ ጋሽ ሞላና ሚስባህ በር አካባቢ ሆኑ። አቤ ሚኒባሱን ተደግፎ ቆመ። ዳምጤ ከኋላው ነበር።

ጣይባ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች።

«መምህር አግማስ ሃይድሮጂን አፍኗቸው ሞቱ ተብሏል። ሃይድሮጂን ግን ጉድጓድ ውስጥ አይተኛም፤ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ለዚህ ብለው ነው መምህሩ መስኮቶቹን ጣሪያ ላይ የከፈቱት፣ ማስጠንቀቂያዋንም እዚያ የሰቀሏት። ጋሽ ሞላ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ደኅና ነበር፤ ጎንበስ ሲል ነው የወደቀው። ስለዚህ የገደላቸው ነገር ከሥር ተኝቶ ነበር፤ መምህሩ ሸራውን ገልጠው ሲወርዱ ደግሞ ገና ጉድጓዱን ሞልቶት ነበር። ከአየር የሚከብድ ነገር ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ጋዝ አንድ ብቻ አለ፤ አርጎን። ሐሙስ ሙሉ የነበረው ሲሊንደር ዓርብ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል።»

ሚስባህ አንገቱን ደፋ። ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«ሚስባህ አይደለም» አለች ጣይባ። «ያን ጠዋት ከሐጂ ዓይን አልራቀም። ቱቦውንም የጠቀለለው ግራኝ አይደለም። ጋሽ ሞላን ከዚያ ጉድጓድ ጎትቶ ያወጣውም እሱ ነው፤ ሁለት ሰው ሲሞት ዝም ማለት ይችል ነበር።»

ሐጂ በሺር «እንግዲያ ማን?» አሉ።

«አርጎኑን ጉድጓዱ ውስጥ ከለቀቀ በኋላ እንዳይበተን ሸራ ያለበሰው ሰው፣ ሌላም ነገር አድርጓል። መገጣጠሚያውን አላልቶ ሃይድሮጂኑ እንዲያልቅ ለቀቀው፤ አደጋ እንዲመስል። ማስጠንቀቂያዋ ጮኻ መምህሩን እንዳታስመልሳቸው ደግሞ መሰላል ወጥቶ ሽቦዋን ነቀለ። እንግዲህ አስተውሉ። ሽቦውን የነቀለው ሰው ሃይድሮጂን ወደ ላይ እንደሚሄድ በደንብ ያውቃል። ይህን እያወቀ ጋዙ ጉድጓድ ውስጥ ተኛ ብሎ ለፖሊስ የተናገረ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ያን ስትል አቤን አላየችውም። ወደ ሐጂ ዞረች።

«ሐጂ፣ መምህሩ መብራትዎን አልሰረቁም። ከሚኒባሱ ሥር በድብቅ የታሰሩ ትልልቅ ባትሪዎች ነበሩ፤ ሰው በሌለበት ሰዓት ከእርስዎ ቆጣሪ ይሞላሉ። ሐረጎን የወጣው ሃይድሮጂኑ አይደለም፣ የእርስዎ መብራት ነው። መምህሩ ይህን ያወቁት እርስዎ የተቆጧቸው ዕለት ነው፤ ከመኪናው ሥር ገብተው በዓይናቸው አዩት። ባትሪዎቹ ዓርብ ማለዳ ተፈትተው በአይሱዙ ተጫኑ። ትናንት ደሴ፣ ሆቴል ውስጥ አግኝተናቸዋል።»

ሐጂ በሺር ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ።

«መምህሩ ያታለላቸውን ሰው አልከሰሱትም» አለች ጣይባ፣ አሁን ለእስከዳር። «እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ራሱ እንዲናገር ጊዜ ሰጡት። ዓርብ ጠዋት ደወለላቸው። ባትሪዎቹን ፈትቻለሁ፣ በእውነት እናሳያለን፣ መገጣጠሚያውን ከሥር ይዩልኝ አላቸው። ሽቦው ተነቅሏል፣ ጉድጓዱ በሸራ ተሸፍኗል፣ እሱ ወደ ደሴ ሄዷል። እሳቸው ግን የጠፋ ልጅ ተመለሰልኝ ብለው ነው የወረዱት። የደወለላቸው ቁጥር የአቤ ነው፤ አረጋግጠናል።»

እስከዳር ከወንበሯ ተነሥታ አቤ ፊት ቆመች።

«እኔ ቤት ነው የኖርከው» አለችው። «ትናንት እንኳ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠህ ስታጽናናኝ ነበር።»

አቤ አልካደም። ለመካድ እንኳ የፈለገ አይመስልም ነበር። መጀመሪያ ላይ ባትሪዎቹን ለአንድ ቀን ብቻ ብሎ እንደገጠማቸው ተናገረ። ፊውል ሴሉ አቅም አጥቶ ዳገቱ ሥር መኪናው ሲቆምባቸው፣ መምህሩ ዓመት ሙሉ እየሞከሩ ሲያረጁ አየ፤ አንድ ጊዜ ደስ ይበላቸው አለ። ፒያሳ ላይ ሲያለቅሱ ደግሞ እውነቱን መናገር አቃተው። ከዚያ እንግዶቹ ተጠሩ፣ ማዕከሉ ታሰበ፣ ስሙ ተነሣ፤ ነገሩ የመምህሩ ደስታ መሆኑ ቀርቶ የሱ ሕይወት ሆነ።

«ተናገርና እኔ ከጎንህ እቆማለሁ አሉኝ» አለ። «እሳቸው ከጎኔ ሆነው ሰው ሁሉ ሲያየኝ ታየኝ። አልቻልኩም።»

ዳምጤ ካቴናውን ሲያወጣ ጣይባ በእጇ ምልክት አስቆመችው። ያልጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ ለመዝገቡ የማይጠቅም ነገር።

«ለምን እኔን ጠራኸኝ?»

አቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ፊዚክስ ፈተና ላይ ከእኔ ትኮርጂ ነበር» አለ። «ያልኩሽን ትጽፊያለሽ ብዬ ነው።»

ጣይባ ለዳምጤ ራሷን ነቀነቀችለትና ወደ ውጭ ወጣች። ቦርከና ዳር ቆማ ለረጅም ጊዜ ውሃውን አየች። መምህሩን ያጣችው ዓርብ ነው፤ ጓደኛዋንም ያጣችው ዛሬ አልነበረም። የጠራት ዕለት፣ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት፣ ጓደኝነታቸው አልቆ ነበር።

የቀረው ሥራ፣ ለአቤ እናት መንገሩ፣ የማንም ግዴታ አልነበረም፤ ዳምጤ እኔ ልሂድ ብሏት ነበር። እሷ ግን እምቢ ብላ ደሴ ወጣች፤ ሰኞ ገበያ ስትደርስም መኪናውን ትታ በእግሯ ገባች። ቀኑ የገበያ ቀን ነውና ሰውና አህያ ተላልፎ መራመጃ የለም። የአቤ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ከደሴ ዙሪያ የመጣ ቀይ ሽንኩርት ፊታቸው ቆልለው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው ፈካ። ጉንጯን ስመው፣ መምህሩን አንሥተው ተከዙ፤ ልጄ ከሐዘኑ እንዳይታመም፣ አንቺ እህቱ ነሽ፣ አትራቂው አሏት።

ጣይባ ከአጠገባቸው መሬት ላይ፣ በዩኒፎርሟ፣ ቁጢጥ አለች። ቃሉን ሳታለሰልስ፣ ሳታስረዝም ነገረቻቸው። ገዢ መጥቶ የሽንኩርቱን ዋጋ ቢጠይቅ የሚመልስለት ጠፍቶ ሄደ።

«ማን ነው ያለው?» አሉ አትጠገብ ኋላ።

«ራሱ ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ሽንኩርቱ ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ለመነሣት ክንዷን ጠየቋት። ጣይባ ልጅዎ ጋ ልውሰድዎት ስትላቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ወደ ለቅሶው ውሰጂኝ።»

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐዩ ከርሯል፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አዙሮ አያቸው። አትጠገብ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሙ፤ መግባት አልቻሉም። እስከዳር ከውስጥ አየቻቸው። አልተነሣችም፣ አላባረረቻቸውም፤ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ መለሰች። አሮጊቷም ከድንኳኑ ውጭ፣ ጥላ በሌለበት፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጣይባ ጃንጥላ ፈልጋ ስታመጣላቸው አልወስድም ብለው በእጃቸው መለሱላት፤ እሷም ዘግታው ከኋላቸው ቆመች።